«ላቨርስ ሌን» ወዴት ነው? ባሮ ዳር ወይስ ገደል አፋፍ?

ከሰሞኑ ደብዳቤዎች መካከል አንዷ የመጣችው ከጋምቤላ ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጣ የመጣች ደብዳቤ ደግሞ ወረፋ አትጠብቅም። ጸሐፊዋ የ20 ዓመት ወጣት ናት። ስሟን እንዳልጠቅስ አደራ ብላኛለች፤ ባትለኝም አልጠቅሰውም ነበር። ነገሩን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«ከአንድ ልጅ ጋር ፍቅር ከጀመርን ስምንት ወር ሆኖናል። ጨዋ ነው፣ ትምህርቱን ይወዳል፣ እንግሊዝኛ ሲናገር ደግሞ አፍ ያስከፍታል። ባለፈው ሳምንት በስልክ ‹ቅዳሜ ማታ ላቨርስ ሌን እወስድሻለሁ› ብሎ ጻፈልኝ። ቃሉን ባላውቀውም ‹እሺ› አልኩት። በኋላ ጓደኛዬን ብጠይቃት ከት ብላ ሳቀችና ‹እዚያ እሄዳለሁ ካልሽ ለሁሉም ነገር እሺ ብለሻል ማለት ነው፤ አሁን ብትቀሪ ሸወደችኝ ይላል› አለችኝ። እኔ እኮ እንደዚያ አላሰብኩም። ቦታው ባሮ ዳር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በዚያ ላይ የእኔ ቤተሰቦች ደገኞች ናቸው፣ እሱ የአኙዋ ልጅ ነው። ካፌ ብንቀመጥ ወሬው ወንድሜ ዘንድ ይደርሳል፤ ጭር ያለ ቦታ ብንሄድ ደግሞ እፈራለሁ። ለመሆኑ የቃሉ ትክክለኛ ፍቺ ምንድን ነው? ብሄድስ በምን እንደተስማማሁ ይቆጠራል?»

ጥያቄዋ ሁለት ነው። አንደኛው የመዝገበ ቃላት፣ ሁለተኛው የሕይወት። የመጀመሪያው ይቀላልና ከእሱ እንጀምር።

ቃሉን እንፍታው

«ሌን» ማለት ቀጭን መንገድ ነው። በሁለት አጥር መካከል ወይም በዛፎች ሥር ሹልክ ብላ የምታልፍ፣ ብዙ ሰው የማይረግጣት። «ላቨርስ» ፍቅረኞች ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «የፍቅረኞች መንገድ» ይሆናል። እንግሊዝኛው ግን ቃል በቃል መንገድ ብቻ ማለቱን ትቶ ከቆየ ሰነበተ። ሁለት ሰዎች ከሰው ዓይን ርቀው ብቻቸውን የሚሆኑበት ማናቸውም ጭር ያለ ቦታ በዚህ ስም ይጠራል። ሐይቅ ዳር ሊሆን ይችላል፣ የኮረብታ አናት ሊሆን ይችላል፣ የዛፍ ጥላም ሊሆን ይችላል።

ቃሉ በ19ኛው መቶ ዘመን የነበረ ነው። ያኔ ነገሩ የእግር ጉዞ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም ከእራት በኋላ ወጣቱና ወጣቷ ጎን ለጎን ይራመዳሉ፣ ይጨዋወታሉ፣ አለቀ። ካናዳዊቷ ደራሲ ሉሲ ሞድ ሞንትጎመሪ እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተመችው «አን ኦፍ ግሪን ጌብልስ» በተባለው ታዋቂ ልብ ወለድ ውስጥ «ላቨርስ ሌን» የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ያወጣችለት ሕልመኛዋ ትንሽ ልጅ ስትሆን ፍቅረኞች የሚመላለሱበት መንገድ እንኳ አይደለም። ስሙ ስላማራት ብቻ ነው የሰየመችው። አያችሁ? ቃሉ ሲጀምር ከዚህ የበለጠ ነገር አልነበረበትም።

ታሪኩን የቀየረው መኪና ነው። አሜሪካ ውስጥ መኪና በየቤቱ ሲገባ ጎረምሳው የአባቱን መኪና እየተዋሰ ልጅቷን ይዞ ከከተማ መውጣት ጀመረ። ኮረብታ ላይ ይወጣል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ የከተማው መብራት ከታች ይታያል። ከዚያ በኋላ «ፓርኪንግ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለተኛ ትርጉም አበጀ። መኪና ማቆም ማለት መኪና ማቆም ብቻ መሆኑ ቀረ። እንግዲህ የጓደኛሽ ሳቅ ከዚያ ዘመን የመጣ ሳቅ ነው። ፊልሙም ዘፈኑም ያስለመደን ይሄኛውን ፍቺ ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ በቴክሳስ ዳላስ ከተማ «ላቨርስ ሌን» የሚባል ትልቅ ጎዳና አለ። ሱቅና መኖሪያ ቤት የተደረደረበት ተራ ጎዳና ነው። አንድ የዳላስ ዘመዳችሁ «ላቨርስ ሌን ነው የምኖረው» ቢላችሁ አድራሻውን መንገሩ እንጂ ገመናውን ማውጣቱ አይደለምና አትደንግጡ።

የቃሉ ዘመዶች

ቃሉን ካነሳን አይቀር ዘመዶቹንም እንወቃቸው። «ላቭ ኔስት» ቃል በቃል የፍቅር ጎጆ ነው። አዲስ ተጋቢዎች ለሚኖሩባት ትንሽ ቤት በፍቅር ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በድብቅ የሚገናኙ ሰዎች ለተከራዩት ቤት ነው። «ላቨርስ ሊፕ» ደግሞ የፍቅረኞች መዝለያ የሚባል ገደል ነው። በየአገሩ አለ፤ በየአገሩም መጋባት ስለተከለከሉ ከአፋፉ የዘለሉ ጥንዶች አፈ ታሪክ ይነገርለታል። ሌንና ሊፕ በድምፅ ቢቀራረቡም በትርጉም ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አንዱ መንገድ ነው፣ አንዱ ገደል።

አንድ ምክር ደግሞ ለእንግሊዝኛ ወዳጆች። በአማርኛ «ፍቅረኛዬ» ስንል ጨዋ ቃል ነው፤ እናት ፊትም ባይሆን እህት ፊት ይባላል። በዛሬው እንግሊዝኛ ግን «ላቨር» ሲባል አልጋ የተጋሩ መሆናቸውን መናገር ነው። ስለዚህ መምህራችሁ ወይም የመሥሪያ ቤት አለቃችሁ ፊት «ሺ ኢዝ ማይ ላቨር» ብሎ ማስተዋወቅ ሳያስቡት ገመናን መዘርገፍ ይሆናል። «ገርልፍሬንድ» ወይም «ቦይፍሬንድ» በቂ ነው። «ላቨርስ ሌን» ላይ ያለው ቃል ግን የድሮው ነው፤ በቦታ ስም ላይ ተጣብቆ የቀረ፣ እንደ አማርኛው «ፍቅረኞች» ያለ።

እኛ ዘንድስ?

እኛ ጋ የለም እንዴ? ኧረ አለ! ስሙ ነው የሚለየው። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር «ፍቅር ሐይቅ» የሚባል ቦታ አላት። ከእንግሊዝኛው ቢወዳደር ስሙ አያንስም፣ እንዲያውም ይበልጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ተማሪዎች «ኪሲንግ ፑል» የሚሉት የውሃ ገንዳ አለ፤ ስሙን የሰማ ሁሉ ምን እንደሚደረግበት ይገምታል፤ ብዙው ተማሪ ግን እዚያ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሃንድአውት ነው። የእንጦጦ ጫካም የስንቱን ጥንድ ምሥጢር ጠብቆ ኖሯል፤ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ አጥርና በር፣ መንገድና ካፌ ያለበት መዝናኛ ሆነ።

ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ በገጠሩ የእኛ «ላቨርስ ሌን» የውሃ መንገድ ነበር። ልጅቷ እንስራዋን አዝላ ምንጭ ትወርዳለች፤ ጎረምሳው ከብት ሊያጠጣ ይወርዳል። እንስራው ሰበብ ነው፣ ከብቱም ሰበብ ነው። ጥምቀት ላይ ደግሞ ሎሚ ይወረወራል፣ ያውም በሺህ ሕዝብ መሀል! የእኛ ሰው ፍቅርን የሚገልጸው ጭር ባለ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሕዝብ መሀል፣ በሰበብ ተሸፍኖም ነበር። ይህንን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባሮ ዳር

አሁን ወደ ጋምቤላ። አኙዋዎች ኦፔኖ የሚሉት፣ እኛ ባሮ የምንለው ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ደቡብ ሱዳን ይፈስሳል። አገራችን ውስጥ መርከብ የሄደበት ወንዝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በአጼ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ስምምነት መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ ክረምት ውሃው ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ዕቃ ይዘው ይመጡ፣ የእኛን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ያኔ ባሮ ዳር ቆሞ የሚጠበቀው ፍቅረኛ ሳይሆን መርከብ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ መርከቡ የለም፤ ወንዙና የማንጎው ጥላ አሉ። ከተማዋ ቆላ ናት፣ በበጋው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘልላል። ፀሐይዋ ስትበርድ ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ ይወርዳል። የሚታጠበው ይታጠባል፣ የሚያጥበው ያጥባል፣ የሚናፈሰው ይናፈሳል። ስለዚህ ልጁ «ባሮ ዳር እንሂድ» ማለቱ በራሱ ነውር የለውም። ጥያቄው የትኛው ባሮ ዳር ነው፣ በስንት ሰዓትስ ነው የሚለው ነው።

ጭርታ ለማን ይመቻል?

እዚህ ላይ የቃሉን ጨለማ ጎን ልንገራችሁ። ፍቅረኛሞች የሚፈልጉት ጭርታ ክፉ ሰውም የሚፈልገው ጭርታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ቴክሳርካና በምትባል የአሜሪካ ከተማ አንድ ያልታወቀ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ አምስት ሰዎች ገደለ። መጀመሪያ ያጠቃቸው ጭር ባለ መንገድ ላይ መኪና አቁመው የነበሩ ጥንዶችን ነው። በታኅሣሥ 1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ፣ የአካባቢው ጎረምሶች በሚያዘወትሩት እንዲህ ያለ ቦታ ሁለት ታዳጊዎች ተገደሉ፤ ገዳዩ ራሱን «ዞዲያክ» ብሎ ይጠራ ነበር፣ ማንነቱም በፍርድ ሳይረጋገጥ ቀረ።

ባሮም የራሱ አለው። አዞ! እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣት እዚያው ጋምቤላ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ በአዞ ተበልቷል። አዞ ደግሞ ፍቅረኛ ነው ጠላት ነው ብሎ አይለይም። ከአዞው የሚብሰው ግን ትንኟ ናት። ጋምቤላ ወባ የበዛባት ምድር ናት፤ የወባ ትንኝ የምትናከሰው ደግሞ ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ከወንድምሽ ዓይን ብትደበቂ ከትንኟ አትደበቂም።

የጸጥታውም ነገር አለ። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ውስጥ የተኩስ ልውውጥ ተደርጎ ሕይወት ጠፍቷል። ከዚያም ወዲህ ችግር ሲነሳ የሰዓት እላፊ የታወጀባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሰዓት እላፊ ባለበት ምሽት ጨለማ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎችን ጠባቂው «ፍቅረኞች ናቸው» ብሎ እንዲያልፋቸው መጠበቅ የዋህነት ነው።

የወንድምሽ ነገር

ወንድምሽን ፈርተሻል። ወንድም እህቱን መጠበቁ በጋምቤላ የደገኞች ብቻ ልማድ አይደለም። አኙዋዎች ለጥሎሽ «ዲሙይ» የተባለውን ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ ሰማያዊ ጨሌ ይሰጣሉ፤ ኑዌሮች ከብት ይነዳሉ። ስለ ኑዌር በሰፊው የጻፈው እንግሊዛዊው ኤቫንስ ፕሪቻርድ ሙሉ ጥሎሽ 40 ከብት ያህል እንደሆነ ይቆጠር እንደነበር መዝግቧል። እህት ስታገባ የገባው ጥሎሽ ለወንድም ማግቢያ ይሆናል። ስለዚህ በልጁም ቤት ቢሆን ፍቅር የሁለት ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንቺ የወንድምሽን ዓይን ስትፈሪ እሱም የአጎቶቹን ጥያቄ ይፈራ ይሆናል። ጠይቂዋ!

ሌላም ነገር አለ፤ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም.፣ አንቺ ከመወለድሽ በፊት፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ብዙ አኙዋዎች ተገድለዋል። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች እንደመዘገቡት በግድያው ከወታደሮች ጋር የደገኛ ነዋሪዎችም ነበሩበት። ቀደም ሲል ደግሞ ደገኞችም ተገድለው ነበር። በሁለቱም ቤት ያ ጊዜ አልተረሳም ይሆናል። አንቺም እሱም ያላደረጋችሁትን ዕዳ ተሸክማችሁ ነው ወንዝ ዳር የምትቀመጡት። ይህ ማለት ተለያዩ ማለት አይደለም። ወላጆች ሲቆጡ ከቁጣው በስተጀርባ ሐዘንም ፍርሃትም ሊኖር እንደሚችል እወቁ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህም አብሮ የተማረ፣ የተዋደደ፣ የተጋባ አለ።

መሄድ እሺ ማለት ነው ወይ?

አሁን ወደ ዋናው። አይደለም! ቃሉን ፈትተነዋል፤ ውስጡ ያሉት ሁለት ቃላት ናቸው፣ «ፍቅረኞች» እና «መንገድ»። ሦስተኛ ቃል የለበትም። ጓደኛሽ የጨመረችው ሦስተኛው ቃል ከመዝገበ ቃላት የመጣ ሳይሆን ከሰፈር ወሬ የመጣ ነው። ለቦታ እሺ ማለት ለቦታው ብቻ እሺ ማለት ነው። እጅ መያዝ እጅ መያዝ ነው። ደግሞም እሺ ያለች አፍ እምቢ ማለት አትችልም ያለው ማን ነው? መንገድ ላይም፣ እዚያ ደርሰሽም፣ ማንጎው ሥር ተቀምጠሽም «በቃኝ፣ እንመለስ» ማለት ትችያለሽ።

ይህ የእኔ ስብከት ብቻ አይደለም፤ ሕጉም ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 ሴትን አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። «ራሷ መጣች» የሚል ማምለጫ አንቀጹ ውስጥ አልተጻፈም። ለታናናሾቻችሁም ንገሯቸው፤ ዕድሜዋ 18 ካልሞላ ልጅ ጋር ከሆነ «ተስማምታ ነው» ማለትም አያድንም፣ ሕጉ በተለየ አንቀጽ ይቀጣል።

እናንተ ወንዶችስ? ጀለሶቼ፣ እውነቱን እንነጋገር። ልጅቷ የማታውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ወርውሮ «እሺ» ማሰኘት ጉብዝና አይደለም። ባልገባት ነገር የተገኘ እሺታ እሺታ አይባልም። ምናልባት ይህ ልጅ ቃሉ አምሮት ብቻ ይሆናል የጻፈው፣ እንደ ካናዳዋ ትንሽ ልጅ። ሊሆን ይችላል። እሱን ማወቅ የሚቻለው ግን በመገመት ሳይሆን በመጠየቅ ነው።

ምክሬ

አንደኛ፣ ዛሬውኑ ጻፊለት። «ላቨርስ ሌን ያልከው ቃል ገብቶኛል። እኔ እሺ ያልኩት ከአንተ ጋር ወጥቼ ለመጨዋወት ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ተስማምተናል?» በዪው። ይህችን መልእክት አንብቦ «እኔም ሌላ አላሰብኩም» ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ከተቆጣ ወይም ካኮረፈ ግን ቅዳሜን ሳትጠብቂ ማን እንደሆነ አወቅሽ፤ ከስንት ጣጣ ዳንሽ።

ሁለተኛ፣ ማታውን ወደ ቀን ለውጪው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሰው የሚናፈስበት የባሮ ዳርቻ ተገናኙ፣ ሳይጨልም ተመለሱ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይኸው ነው። አያቶቻችን ሎሚ የወረወሩት በሕዝብ መሀል ነው። ሰው እያያችሁ ማንም ሳይሰማችሁ መጫወት ይቻላል፤ የሚያስፈልጋችሁ የቃል ጭርታ እንጂ የቦታ ጭርታ አይደለም። ከውሃው አፍ ግን ራቁ፣ አዞውን አትርሱ።

ሦስተኛ፣ የት እንደምትሄጂና መቼ እንደምትመለሺ ለአንዲት የምታምኛት ሰው ንገሪ። (ሳቂዋ ጓደኛሽ ብትሆንም ግድ የለም።) የባጃጅ መመለሻ ገንዘብ ከራስሽ ኪስ አይጥፋ። ስልክሽ ቻርጅ ይኑረው። ከተማው ውጥረት ላይ ከሆነ ወይም የሰዓት እላፊ ካለ ቀጠሮው ይተላለፍ። እውነተኛ ፍቅር በአንድ ሳምንት አይበላሽም።

አራተኛ፣ ነገሩ ወደፊት የሚገፋ ከሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ የኤችአይቪ ምርመራ አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጋምቤላ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች መካከል ቫይረሱ በደማቸው ያለው 4.8 በመቶ ነበር፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን 0.9 በመቶ። ቁጥሩ ማንንም ለማሸማቀቅ የተነገረ አይደለም። ኮንዶምን የሚያሳፍር ነገር አድርጎ ማየት ግን ጋምቤላ ላይ ከሌላው ቦታ የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል።

አምስተኛ፣ ወንድምሽ። ስምንት ወር ተደብቃችኋል፤ ስምንት ዓመት መደበቅ ግን አይቻልም፣ ጋምቤላ ትንሽ ከተማ ናት። ከሰፈር ሰው ከሚሰማ ከራስሽ ወገን ይስማ። እሱን በቀጥታ ከፈራሽ በቤታችሁ የሚሰማቸው አንድ ትልቅ ሰው አይጠፉም፤ አክስት ትሁን፣ የእናት ጓደኛ። መጀመሪያ ለእሳቸው ንገሪ። ልጁም በበኩሉ እንዲሁ ያድርግ። እሱ «ለማንም አትንገሪ» ብቻ የሚል ከሆነ የሚፈልገው ጭር ያለ መንገድ እንጂ አንቺን ላይሆን ይችላል።

አየሽ እህቴ፣ «ላቨርስ ሌን» ጥሩ ስም ነው። መንገድ ማለት ግን ወዴት እንደሚወስድ የሚታወቅ፣ መመለሻም ያለው ነገር ነው። መመለሻ ከሌለው መንገድ አይባልም፤ ቅድም ያልኩሽ ሌላኛው ቃል ይሆናል፣ «ሊፕ»።

መልሱ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፣ ሐሳብ ሆኛለሁ። ሌሎቻችሁም በከተማችሁ ያለውን የፍቅረኞች መንገድ ስሙንና ወጉን ላኩልኝ፤ የራሳችሁን ስም ካልፈለጋችሁ አትጻፉ። እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን!